ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት

ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የተዋጉ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው። በአገልግሎታቸው በአየር ላይ የፈጸሙት ውጊያና በምርኮ ያሳለፉት 11 ዓመት ገደማ የእስር ዘመን በአንድነት ይታወሳሉ።

የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወሰን ጥሶ ሲገባ የኢትዮጵያ እግረኛ ጦር በቁጥርም ሆነ በታንክ አነስተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት በመቋረጡ የመለዋወጫና የጦር መሣሪያ አቅርቦት ቆሞ ነበር። አየር ኃይሉ በእጁ የነበሩት ጥቂት ኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላኖች በ1960ዎቹ መገባደጃ ከአሜሪካ የተገኙ ናቸው።

የሶማሊያ አየር ኃይል በሶቪየት ኅብረት የተሠሩ ሚግ-17 እና ሚግ-21 አውሮፕላኖች ነበሩት። ሚግ-21 በፍጥነት ኤፍ-5ኢን ይበልጣል። ሆኖም ኤፍ-5ኢ በዝቅተኛና በመካከለኛ ከፍታ በቀላሉ የሚታጠፍ በመሆኑና አብራሪዎቹ በአየር ለአየር ውጊያ በሚገባ የሠለጠኑ በመሆናቸው የአየር የበላይነቱ በኢትዮጵያ እጅ ገባ። ይህም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. በድሬዳዋ ላይ የተሰነዘረውን ጥቃት ለመመከት ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

በዚህ ውጊያ የሶማሊያን ሚግ አውሮፕላኖች መትተው ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ለገሠ ተፈራ ናቸው። ጦርነቱ ገና ሳይጠናቀቅ ግን አውሮፕላናቸው ወድቃ በጃንጥላ ከወረዱ በኋላ በሶማሊያ ኃይሎች ተማረኩ።

የኢትዮጵያ ጦር የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን መልሶ ሲይዝ እርሳቸው በሶማሊያ እስር ቤት ነበሩ። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት እንደተቋረጠ በመቆየቱ የምርኮኞቹ ጉዳይ ለዓመታት እልባት ሳያገኝ ቀረ። ቤተሰቦቻቸውም የመመለሻቸውን ቀን ሳያውቁ ይጠብቁ ነበር።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ግንኙነታቸውን ለማደስ፣ ጦራቸውን ከወሰን ለማራቅና ምርኮኞችን ለመለዋወጥ ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለገሠ ተፈራም ከተመላሾቹ መካከል ነበሩ። ለፈጸሙት ተጋድሎም የዘመኑ ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸልመዋል።

ታሪካቸው ጦርነት በድል ከተጠናቀቀ በኋላም የተማረኩ ወገኖችን የማስመለስ የመንግሥት ኃላፊነት እንደማያበቃ የሚያስገነዝብ ነው።