ለዒድ ባሌ ለምትሄዱ፦ ከሳነቴ ወዲያ ያለው ታሪክ

 

ዒድ በቀረበ ቁጥር «ባሌ ሄደን ምን እንይ?» የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። የሚሰጠውም መልስ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ ጎባ እደሩ፣ ሳነቴ ውጡ፣ ቀይ ቀበሮ ፎቶ አንሱ፣ ተመለሱ። ክፋት የለውም። ነገር ግን የሮቤና የጎባ ልጆች ስለ ቀበሮው አሥር ነገር ነግረውን፣ «ሸይኽ ሑሴን ማን ነበሩ?» ስንላቸው ዝም ሲሉ አይተናል፤ ይህን የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

የሚታወቀውን ቶሎ እንጨርስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው፤ የደጋ አጋዘንን በቅርብ ማየት የሚፈልግም እዚያው ይውረድ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባን ያቋርጣል፣ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ይታያል። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ ጋቢ ያዙ። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። ከአምባው ሲወረድ የሀረና ደን ይቀበላችኋል፤ የጫካ ቡናና ማር አገር ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ል. ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ባሌ የሚለው ስም ግን ከፓርኩ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ749 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1349) የሞተው የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ በሐበሻ ምድር የነበሩ ሰባት ሙስሊም ግዛቶችን ሲዘረዝር ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሀዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ ብሏል። የባሌን ርዝመት የ20 ቀን፣ ስፋቱን የ6 ቀን መንገድ አድርጎ ጽፎታል። የያኔው ድንበር ከዛሬው ጋር አንድ ባይሆንም፣ ስሙ በካይሮና በደማስቆ ሊቃውንት ዘንድ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምድር ታሪክ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ሸይኽ ኑር ሑሴን ናቸው። ብዙ የታሪክ ሰዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደኖሩ ያስቀምጣሉ። ከጊኒር በስተሰሜን አናጂና በምትባል መንደር የሚገኘው ስፍራቸው ዲሬ ሸይኽ ሑሴን ይባላል። ገድላቸው «ረቢዑል ቁሉብ» በሚል ርእስ በዐረብኛ እ.ኤ.አ. በ1927 ካይሮ ታትሟል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት አሚር ዐብዱሸኩር ቁባውን እንዳሠሩ ይነገራል። ከአርሲና ከሐረርጌ፣ ከዚያም ርቀው የሚመጡ መንገደኞች ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ በኦሮምኛ ውዳሴ እያሰሙ ሳምንታት በእግር ይጓዙ ነበር። ስለ ዚያራ ብይን ዑለማዎች የተናገሩት የራሱ መድረክ አለው፤ እዚህ አንገባበትም። ግን በክርክሩ ሰበብ ታሪኩንም አብረን ስንቀብረው ዝም ማለት አንችልም። የባሌ እስልምና እንዴት እንደተስፋፋ የሚጠይቅ ሰው ይህን ስፍራ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ፣ ምክንያቱም ውሃው ያገናኘናል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የዌብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ይገባል፤ ያ ነው የሶፍ ዑመር ዋሻ። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ለክተውት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ከታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። አባቶች እንደሚሉት ሸይኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠልለው ኢባዳ ያደርጉበት ነበር፤ ስሙም ከእሳቸው ነው። ወሏሁ አዕለም። ውስጡ የቆሙትን ዓምዶች ያየ ሰው መስጂድ ገባሁ ቢል አንፈርድበትም።

አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በዚህ አገር ሲያልፍ ዲሬ ሸይኽ ሑሴን ደርሷል፤ የጉዞ መጽሐፉም ከሦስት ዓመት በኋላ ወጥቷል። የውጭ ሰው በወራት ጉዞ ያየውን እኛ ከሮቤ በመኪና በአንድ ቀን እየደረስንበት አለማየታችን ይገርማል። ሁለቱም ስፍራዎች፣ ዲሬም ሶፍ ዑመርም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ ለዋሻው በሮቤና በጎሮ በኩል ውጡ። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ ወደ ውስጥ አትዝለቁ፣ ወንዙ በሚሞላበት የዝናብ ወቅትም አትድፈሩት። በዓምዶቹ ላይ ስማችሁን አትጻፉ። ዲሬ ስትደርሱ ደግሞ ከፎቶው በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ከፈቀዱላችሁ የሚሉትን በስልካችሁ ቅዱት። ካይሮ ታትሞ በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ያልገባ ብዙ ነገር እነሱ ዘንድ ነው ያለው፣ እነሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው።