ከመጠን ያለፈ የፊኛ መነቃቃትና በቤት ውስጥ የሚሰጥ የነርቭ ሕክምና

ከመጠን ያለፈ የፊኛ መነቃቃት፣ ፊኛው ሳይሞላ ጡንቻው ያለ ጊዜው እየተኮማተረ ድንገተኛና ለመቆጣጠር የሚያዳግት የሽንት ስሜት የሚፈጥር የጤና ችግር ነው። ሕመምተኛው በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያም በላይ ሊሸና፣ ሌሊትም ከእንቅልፉ ሊነሳ ይችላል፤ አንዳንዴም ሽንቱ ያመልጠዋል። ችግሩ ለሞት ባያበቃም ሰውን ከገበያ፣ ከለቅሶ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ያርቃል።

ይህ ችግር በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ከሚከሰተው ፊስቱላ የተለየ ነው። ፊስቱላ ያለባት ሴት ሽንቷ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ሲሆን ሕክምናውም በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በ2005 በባሕር ዳር ማዕከል ከፍቶ ይህን ሕክምና በነጻ ይሰጣል። ይሁንና ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንትን የመቆጣጠር ችግር የሚቀርባቸው ሴቶች አሉ።

የፊኛ መነቃቃት ሕክምና የሚጀመረው ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታ አለመኖራቸውን በማረጋገጥ ነው። ቀጥሎም ቡናና ሻይ መቀነስ፣ የሽንት ሰዓትን ቀስ በቀስ ማራዘምና የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከር ይታዘዛል። አቦል፣ ቶናና በረካ ሳይጠጣ ጎረቤት በማይለያይበት ወሎ የቡናው ምክር ለመናገር እንጂ ለመፈጸም ቀላል አይደለም። እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ መድኃኒቶችም ቢረዱ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድም ያደርቃሉ።

እነዚህ ካልበቁ በቁርጭምጭሚት አጠገብ የሚያልፈውን ቲቢያል ነርቭ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ማነቃቃት ይቻላል። ነርቩ ፊኛን ከሚቆጣጠሩት ነርቮች ጋር በታችኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ስለሚገናኝ የተዛባውን መልእክት ያረጋጋል። የተለመደው አሠራር በቀጭን መርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንታት በሕክምና ተቋም የሚሰጥ ነው። ሕክምናው ደሴ ቢሰጥ እንኳ ከሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ሰው ደርሶ መልሱ ሲደመር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከአምባሰል ተራሮች በእግር ወርዶ መኪና ለሚጠብቀው ደግሞ ይብሳል።

ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ተለባሽ መሣሪያ ጠቀሜታው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ሳያስፈልገው በቆዳ ላይ ነርቩን የሚያነቃቃው ቪቫሊ የተሰኘ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። መሣሪያው በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሲሆን የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው አይጠቀምበትም። ለውጡ ሕክምናው ሲቋረጥ ሊጠፋ ስለሚችልም መቀጠል ያስፈልጋል።

ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ሽንቱ ያለማቋረጥ የሚፈሰው ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።