ወገብ ሲታመም፦ በእንቅስቃሴ የሚሻለውና ጊዜ የማይሰጠው

የአጨዳ ወቅት ሲደርስ “ወገቤን” የማይል አርሶ አደር ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ማጨድና ከባድ ሸክም መሸከም፣ በከተማም ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መሥራት ወገብን ይፈትናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው።

አከርካሪ በላይ በላዩ የተደረደሩ አጥንቶች ዓምድ ነው፤ 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ፤ ከእነርሱ በታች የተጣበቁ አጥንቶች አሉ። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ጫናን ያለዝባል፤ በውስጣቸው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል።

በፊዚዮቴራፒ ሕክምና በብዛት የሚታዩት ችግሮች የሚከተሉት ናቸው፦

የጡንቻና የጅማት ጉዳት፦ ከሸክም ወይም ከድንገተኛ መጠምዘዝ ይመጣል፤ አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይሻሻላል።

የዲስክ መንሸራተት፦ ዲስኩ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር ይወርዳል፤ እግርን ያደነዝዛል።

የአከርካሪ ቦይ መጥበብ፦ በአረጋውያን ላይ ይበዛል፤ ሲራመዱ እግር ይከብዳል፣ ሲቀመጡ ይቀላል።

የአከርካሪ መጣመም፦ በልጆች ላይ አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የታማሚውን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ ጥንካሬና ስሜት መርምሮ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያዛል። ለሳምንታት መተኛት ግን ጡንቻን ያዳክማል። ሸክም ሲነሳ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ወገብን አለመጠምዘዝ ይገባል፤ ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ለሁለት ቢነሳ ይመረጣል።

ሁሉም የወገብ ሕመም ግን የድካም አይደለም። ሌሊት የማይተው ሕመም ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ወይም ጀርባ ከጎበጠ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከዘገየ ግን ሽባ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ጀርባ በወጌሻ ማሳሸት አደገኛ ነው።

እግር ከዛለ፣ ሽንት አልቋጠር ወይም አልወጣ ካለ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ካለ ሥራው ይደር፤ ታማሚው በዕለቱ ሆስፒታል ይድረስ።