የሚኤሶ ሐዲድና የመንጋ መንገድ፦ የባለድርሻ አካላትን ጥቅም ማጣጣም

«ባለድርሻ አካል» የሚለው ሐረግ በስብሰባ ብዛት ትርጉሙ ደብዝዟል። በቢዝነስ ስትራቴጂ ግን ከባለአክሲዮን ይለያል። አክሲዮን ባይኖረውም፣ በድርጅቱ ሥራ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ፣ ሥራውን ሊያግዝ ወይም ሊያሰናክል የሚችል ወገን ሁሉ ባለድርሻ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን በሥራ አመራር ዘርፍ አስፋፍተውታል።

ለዚህ በምዕራብ ሐረርጌ ከሚኤሶ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያዳግታል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚህ ቆላማ የግጦሽ ምድር ያልፋል። ከአክሲዮን ማኅበሩ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ለግንባታው የቻይና ኤክዚም ባንክ አበድሯል። አበዳሪው ብድሩ በጊዜው እንዲመለስ፣ አስመጪው ጭነቱ ፈጥኖ እንዲደርስ ይሻል። በአክሲዮን መዝገብ ስሙ የሌለው አርብቶ አደር ደግሞ መንጋው ከሣር ወደ ውኃ በሰላም እንዲሻገር ይፈልጋል።

ሐዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሲሆን ከዚያ በኋላ ነጠላ ነው። ስለዚህ በሚኤሶ አንድ ባቡር በእንስሳት ምክንያት ሲቆም ከፊት ለፊት የሚመጣውም ይጠብቃል። ፍጥነት ቢቀነስ ነጋዴው፣ ባይቀነስ አርብቶ አደሩ ይከፍላል።

ድርጅቱ ለተገጩ እንስሳት ካሳ ይከፍላል። አስቸጋሪው ግምቱ ነው። እንስት ግመል ብዙውን ጊዜ ከአራት ዓመት ዕድሜ በፊት አትወልድም፤ እርግዝናዋም 13 ወር ገደማ ይፈጃል። የዕለቱ የገበያ ዋጋ ብቻ ከተከፈለ ወተቱ፣ ግልገሉና ተተኪ እስኪደርስ የሚባክኑት ዓመታት ከሂሳቡ ይወጣሉ። ካሳው ከልክ ካለፈ ደግሞ ከብቱን ከሐዲድ የሚያርቅበት ምክንያት የሚላላ ሰው አይጠፋም። ጉዳቱን ለወጉ ያህል መካስ ስትራቴጂ አይደለም፤ ዘግይቶ የሚከፈል ወጪ ነው።

አጥርም ብቻውን አይበቃም፤ መንጋውን ከውኃው ይለየዋል። የተሻለው መሻገሪያዎችን መንጋው በሚሄድበት መስመር ላይ መሥራት ነው። ያንን መስመር ከካርታ ይልቅ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታልና ቦታው ሲመረጥ እነርሱ መገኘት አለባቸው፤ ድርቅ ሲመጣ የሚቀየረውንም መንገድ ሊያሳዩ ይችላሉ። ቁመቱ ለግመል መመቸት አለበት። በዝናብ ወቅት ወለሉ ላይ ውኃ ከተኛ ግን መንጋው ተመልሶ ወደ ሐዲዱ ይወጣል።