ለኃላፊነት ሥራ የሚሆን ሲቪ እንዴት ይዘጋጃል?

ከጀሞ እስከ ጎተራ፣ ከለቡ እስከ ሳሪስ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ "ሲቪ እንሠራለን" የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተዘጋጀ ፎርም ተከፍቶ ስም፣ ትምህርትና የሥራ ቦታ ተሞልቶ መታተም ነው። ለጀማሪ ሥራ ይህ ሊበቃ ይችላል። ለሲኒየር ባለሙያ፣ ለቡድን መሪ፣ ለማኔጀር ወይም ለዳይሬክተር ቦታ ግን አይበቃም።

ለምን? ጀማሪ ሲቀጠር ዋናው ጥያቄ "ምን ተማራችሁ?" ነው። ኃላፊ ሲቀጠር ግን "በእናንተ ጊዜ ምን ተለወጠ? ማስረጃውስ?" ይባላል። የሚከተሉት ነጥቦች ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ እንድታዘጋጁ ይረዳሉ።

1. ሲቪው ላይ ምን ይግባ?

ሁለት ገጽ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቅደም ተከተሉ፦

👉 ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ አካባቢ ("ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ" ይበቃል፤ የቤት ቁጥር አያስፈልግም)
👉 ከ3 እስከ 4 መስመር ስለ ራሳችሁ፦ ሙያችሁ፣ የስንት ዓመት ልምድ፣ ዋና ውጤታችሁ
👉 የሥራ ልምድ፣ ከአሁኑ ወደ ኋላ
👉 ትምህርትና የሙያ ፈቃድ
👉 ቋንቋና የኮምፒውተር ችሎታ

ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታና የፋይዳ ቁጥር አይግቡ። ለሥራው አይጠቅሙም፤ ፋይሉ ደግሞ ማን እጅ እንደሚደርስ አታውቁም።

2. የሥራ ዝርዝር ሳይሆን ውጤት ጻፉ

አንድ የፋይናንስ ባለሙያ እናስብ። ሲቪው ላይ "የሂሳብ ክፍሉን መምራት፣ ሪፖርት ማዘጋጀት" ብሎ ጽፏል። ይህ ማንኛውም የሂሳብ ኃላፊ የሚሠራው ነው፤ ከሌላው አይለየውም።

እንዲህ ቢልስ? "የ6 ሰዎች ቡድን መርቻለሁ። 20 ቀን ይፈጅ የነበረው የወር ሂሳብ መዝጊያ በ8 ቀን እንዲያልቅ አድርጌያለሁ።"

ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስንት ሰው መራሁ? ምን ያህል በጀት በእጄ ነበር? ስገባ ምን ነበር፣ ስወጣ ምን ሆነ? ቁጥሩ የድርጅቱ ምስጢር ከሆነ በመቶኛ ጻፉት ወይም ተዉት። ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ግን አትጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ "እንዴት አደረጋችሁት?" ሲባል ይታወቃል።

3. የዘመን አቆጣጠር አትቀላቅሉ

ይህ ትንሽ የሚመስል ግን ሰውን ከውድድር የሚያስወጣ ስህተት ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቃችሁ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሥራ ጀመራችሁ እንበል። ምረቃውን በፈረንጅ 2017፣ ሥራውን በኛ 2010 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ለሚያነበው ሰው ከመመረቃችሁ 7 ዓመት በፊት ሥራ የጀመራችሁ ይመስላል። ብዙ ማስታወቂያዎች ደግሞ "ከምረቃ በኋላ" ያለውን ልምድ ብቻ ይቆጥራሉ።

አንዱን ምረጡ፤ በአማርኛ ሲሆን "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ብላችሁ ለዩ። በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ሲቪ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀይሩ። ወሩንም ጨምሩ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚሆን ዓመት ብቻ መቀነስ ያሳስታል።

4. ሲቪውና ወረቀቱ ይስማሙ

ኤችአር ሲቪውን ከዲግሪውና ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር ያመሳክራል። ደብዳቤው "ኦፊሰር" እያለ ሲቪው "ማኔጀር" ካለ አለቀ። የማኔጀር ሥራ በውክልና ሠርታችሁ ከሆነ "ኦፊሰር (ለ8 ወር ተወካይ ማኔጀር)" ብላችሁ እንደነበረው ጻፉት።

ስማችሁም በእንግሊዝኛ ዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ተጽፎ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁት።

ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ላይ "የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ" የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ብዙ ናቸው። ደብዳቤው ላይ ይህ እንዲጠቀስ ስትወስዱት ጠይቁ፤ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ማግኘት ከባድ ነው።

5. የሥራ ልምድ ደብዳቤ መብት ነው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሥራ ስትለቁ ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ እያላችሁም በጠየቃችሁ ጊዜ ነው።

ልብ በሉ፦ ይህ አዋጅ "የሥራ መሪ" የሆኑትን አያካትትም። የእነሱ ጉዳይ በዋናነት በውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። ስለዚህ ወደ ኃላፊነት ልታድጉ ከሆነ የእስካሁኑን ልምድ ደብዳቤ ከዕድገቱ በፊት ውሰዱ። በአዲሱ ውል ላይም ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠይቁ።

6. ለማን ነው የምትልኩት?

👉 ባንክ፦ የባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሹመት በብሔራዊ ባንክ መጽደቅ አለበት። በዚህ ደረጃ ሲቪያችሁን የሚያየው ቀጣሪው ብቻ አይደለም።
👉 የተባበሩት መንግሥታት፦ ካዛንቺስ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ማመልከቻ የሚቀበለው "ኢንስፒራ" በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በሚሞላ ቅጽ ነው። ሲቪያችሁን እንደ ረቂቅ ተጠቀሙበት።
👉 የግል ድርጅት፦ ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡ። "የግዥ ሥራ አመራር" ካለ እናንተም በዚያው ቃል ጻፉ። አንድ ሲቪ ለ20 ቦታ መበተን ጊዜ ማባከን ነው።

7. ከመላካችሁ በፊት

✅ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ በስልክ የተከፈተ ወርድ ፋይል ብዙ ጊዜ ይዘበራረቃል
✅ የፋይሉን ስም በስማችሁና በሥራ መደቡ ሰይሙ፤ "ሲቪ አዲስ የመጨረሻ 3" አይሁን
✅ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩት
✅ ምስክር የምታደርጉትን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አሁን ያለው አለቃችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ መሆኑን ካላወቀ ስሙን አታስገቡ
✅ "ሲቪያችሁ እንዲታይ ቅድሚያ ክፈሉ" የሚል መልእክት ከመጣ ብር አትላኩ

በመጨረሻ ሲቪውን አትማችሁ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጣታችሁን አድርጉና "ይህን በምን አስረዳለሁ?" በሉ። መልስ የሌለውን መስመር አስተካክሉት ወይም አውጡት። የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ቢሆንም ቃለ መጠይቅ ላይ አያሳፍራችሁም።

ሥራ ለመቀየር እያሰበ ላለ ጓደኛችሁ አጋሩት።