ቅራሪ በጠርሙስ

ቢራ እናውቃለን የሚሉ ፈረንጆች አሉ፡፡ ብርጭቆውን አፍንጫቸው ሥር ይዘው "ይሄኛው ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ያኛው የተቆላ ቡና" የሚሉ ዓይነት፡፡ ለአንዲት ጠርሙስ የአንድ ምሳ ዋጋ ሲከፍሉ ዓይናቸውን አያሹም፡፡ እንግዲህ እነዚሁ ሰዎች ሥራ ጨርሰው ከጓደኛ ጋር ቁጭ ሲሉ ምን ቢያዙ ጥሩ ነው? ከሱቁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ አባቶቻቸው የግቢ ሣር አጭደው ላባቸው ሳይደርቅ የሚጨልጡትን የቆርቆሮ ቢራ፡፡ ፓብስት፣ ሚለር፣ በድዋይዘር፡፡

"ታዲያ እኛን ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል፡፡ ያገባናል ባይ ነኝ፡፡ ግን መጀመሪያ የእነሱን ታሪክ ባጭሩ ላውጋችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ላለማምታታት)፡፡

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጀርመኖች ላገር የሚባለውን ቢራ ይዘው ሄዱ፡፡ ላገር በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ የሚብላላ፣ ከዚያም ተቀምጦ የሚጠራ ቢራ ነው፡፡ የአሜሪካ ገብስ ግን ፕሮቲኑ በዛና ቢራውን አደፈረሰባቸው፡፡ መላው በቆሎና ሩዝ መቀላቀል ሆነ፡፡ በ1876 የወጣው በድዋይዘር ሩዝ ነበረበት፡፡ ዛሬ "ለማርከስ ብለው ነው" ይባላል፤ ያኔ ግን ቢራውን ብሩህና ቀለል ያለ ለማድረግ ጭምር ነበር፡፡ ከዚያ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ተከለከለ፡፡ ትንንሾቹ ጠማቂዎች በብዛት አለቁ፤ ክልከላው ሲነሳ ሜዳው ለትልልቆቹ ቀረ፡፡ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሁሉ አገር የቀሩት ቢራ ፋብሪካዎች 100 አይሞሉም ነበር፤ የሚጠምቁትም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፡፡

በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ሰው በቤቱ ቢራ እንዲጠምቅ የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ፡፡ ብዙዎቹ ትንንሽ ፋብሪካዎች የተወለዱት ከጓዳ ነው፡፡ ዛሬ ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ነው፡፡ ውድድሩ ማን የበለጠ መራራ ይጠምቃል የሚል ሆነና ምላስ ደከመ፡፡ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፖርትላንድ ባሉ ከተሞች ያሉ ወጣቶች ገበያው ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የነበረውን ፓብስት አነሱት፡፡ ኩባንያው ያን ያህል ማስታወቂያ እንኳ አላወጣም፡፡

አዎ፣ ግማሹ ፋሽን ነው፡፡ ደሀ ሳይሆኑ ደሀ መምሰል የትም አገር የከተሜ ጨዋታ ነው፡፡ ግማሹ ግን ቁም ነገር አለው፤ የሚናገሩትም ራሳቸው ጠማቂዎቹ ናቸው፡፡ ሆፕ የበዛበት ቢራ ጥፋቱን ይደብቃል፤ ቀላል ላገር ግን መደበቂያ የለውም፡፡ ትንሽ ቢሳሳቱ ጉዱ በመጀመሪያው ጉንጭ ይወጣል፡፡ ይሄንን ለሀገሬ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ ቀይ ወጥ በርበሬውና ቅመሙ ይሸፍነዋል፤ የባለሙያ እጅ የሚታየው በአልጫ ነው፡፡

ወደ ቤታችን እንምጣ፡፡ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ላይ በ1922 ተቋቋመ፡፡ ሜታ በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ ተከተለ፡፡ ደርግ ወረሳቸው፡፡ ሐረር በ1984፣ በደሌ በ1993 ተጨመሩ፡፡ በ1998 የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ በቢጂአይ በኩል ጊዮርጊስን ገዛ፡፡ በ2000 ዳሽን ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ፡፡ በ2011 ሄኒከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ በዓመቱ ዲያጆ ለሜታ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ (አሥር ዓመት ቆይቶ ሸጦት ወጣ፤ ገዢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ቢጂአይ)፡፡ ዋሊያና ሐበሻ መጡ፡፡ ያን ጊዜ የነበረውን የቆርኪ ሎተሪና የቢልቦርድ ጦርነት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፡፡ በ2019 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከአደባባይ አወረደው፡፡

ይሄ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶ የተጠመቀው ግን ምንድን ነው? ከሞላ ጎደል አንድ ነገር፤ ቢጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀላል ላገር፡፡ ከወጣ ያለው በጣት የሚቆጠር ነው፡፡ ሐረር ጥቁሩን ሐኪም ስታውት ጠምቋል፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ቢር ጋርደን ኢን እዚያው ቤት የሚጠመቀውን ይዞ በጀርመን ወግ መጣ፡፡

ስለዚህ የእኛ ሰው የቢራ ዓይነት አይመርጥም፤ ቤት ነው የሚመርጠው፡፡ ድራፍት ጠጪ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፡፡ በየትኛው ቤት ቱቦው በደንብ እንደሚታጠብ፣ የት በርሜሉ ቶሎ እንደሚያልቅና ትኩሱ እንደሚገኝ፣ የትኛው አስተናጋጅ ጃምቦውን በአረፋ ሞልቶ እንደሚያታልል በቃሉ ያውቃል፡፡ ድራፍት ከጠርሙሱ ይረክሳል፤ የተማሪና የጀማሪ ሠራተኛ መጠጥ ነው፡፡ ደመወዙ ከፍ ካለ በኋላም ድራፍቱን የማይተው ሰው ግን ሞልቷል፡፡ ልምድ ብቻ አይመስለኝም፡፡ ያ ሰው በገዛ መንገዱ ቢራ አዋቂ ነው፡፡ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቹ ደግሞ ያንኑ ጊዮርጊስ በሀበሻ ሬስቶራንት ከውጭ በመጣ ቢራ ዋጋ ይጠጡታል፡፡ እኛ ጋ የሁሉ ሰው፣ እዚያ የናፍቆት መጠጥ፡፡

ነገሩ ተገልብጦ የሚታየው ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ነው፡፡ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ናት፤ ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ፡፡ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ነው፤ አካባቢው ገብስ ያበቅላል፡፡ በዚያ አገር ቢራ ሳይመጣ ገብስ ብቅል መሆን ያውቅ ነበር፡፡ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባል፤ እንኩሮው ይነኮራል፤ ድፍድፉ ይደፈደፋል፤ ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል፡፡ እስቲ ይሄንን ለዚያ ብርጭቆ ለሚያሸት ፈረንጅ ንገሩት፡፡ በጭስ የታጠነ፣ ያልተጣራ፣ ከሆፕ ይልቅ በማያውቀው ቅጠል የመረረ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ እጅ ያለው ቢራ፡፡ አውሮፕላን ቆርጦ ይመጣል!

እኛ ግን በሩ ላይ ጣሳ የተደፋበትን እንጨት አይተን እናልፋለን፡፡ በመካነ ኢየሱስ ሠርግ ላይ እንዳየሁት ጠላው ለጎረቤት ይቀዳል፤ ከከተማ የመጣ እንግዳ ሲገባ ግን ዳሽን ይከፈትለታል፡፡ እንግዳዋ እኔ ነበርኩ፡፡ ጠላ ስጠይቅ የሙሽራዋ አክስት "ምን በደልንሽ እቴ?" አሉኝ፡፡ ጠላ መጠየቄ ቤቱን እንደማሳጣት ተቆጠረ፡፡

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፡፡ አሜሪካዊው ከውድ ወደ ርካሽ የሚመለሰው ውዱን ስለጠገበ ነው፡፡ ፓብስት ቢጠጣ ማንም ደሀ አይለውም፡፡ ጠላ ያደገበትን ሰው ግን ቢራ ቀና ያደርገዋል፤ ፋብሪካ የሠራው፣ ቆርኪ ያለው፣ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ክብር አለው፡፡ ለእኛ ላገር የርካሽ ተራ መጠጥ ሆኖ አያውቅም፡፡ ተራውን ቦታ ጠላ ይዞታል፡፡

የሚያስቀው ግን ቀላሉን ቢራ እኛ ቀድመን ማወቃችን ነው፡፡ ወፍራሙ ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣውን ቅራሪ ታውቁታላችሁ፡፡ ልጅ የሚቀምሰው፣ አጫጅ በፀሐይ የሚጎነጨው፣ የማያሰክር የደቦ መጠጥ፡፡ ሣር አጭዶ የሚጠጣ ቢራ ማለት ይሄው ነው፡፡ ሚልዋኪና ሴንት ሉዊስ በትልልቅ ማሽን የጠመቁትን ነገር እናቶቻችን ከጋን ሥር ያወጡት ነበር፤ ስሙን ግን ለስድብ ነው የምንጠቀምበት፡፡

ጠላውን የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው፡፡ ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ፣ ልጅ የሚያስተምሩ፡፡ ገብሱና ጌሾው ሲወደድ ዋጋ ቢጨምሩ ጠጪው ይሸሻል፤ በሌላ በኩል የቢራ ሳጥን በየኪዮስኩ ደርሷል፡፡ አንድ ድራፍት ቤት የሚገኘውን ጥንቃቄ፣ "የማን ቤት ይሻላል" የሚለውን ክርክር፣ ጠላ ቤትም ያገኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት የእገሊት እጅ ከእገሊት ይለያል፡፡ ወጣቱ ግን ይሄን ቋንቋ ሳይማር ወደ ጠርሙሱ አልፏል፡፡

መካነ ኢየሱስ ያገኘኋት ጠላ ሻጭ በሳምንት ሁለት ጋን ትጠምቃለች፡፡ ከዓመት በላይ አጠራቅማ ልጇን ዳረች፡፡ በጠላው ገንዘብ ለሠርጉ ምን እንደገዛች ስጠይቃት አልጋው ሥር ወዳሉት ባዶ ሳጥኖች አመለከተችኝ፡፡ አሥራ ሁለት ሳጥን ቢራ፡፡ "ጠላማ ሁልጊዜም አለ" አለችኝ፡፡