በአውትሉክ ቀጠሮ ለመያዝና ደብዳቤ ለመላላክ የሚረዱ ተግባራዊ ነጥቦች

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስብሰባ ጥሪ፣ የሪፖርት ማስረከቢያ ቀንና የጨረታ መዝጊያ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መልዕክት ማሳወቅ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ለዚሁ ተግባር ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ማይክሮሶፍት አውትሉክ ነው። ይሁንና ፕሮግራሙ ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ ስብሰባ ያለ ተሰብሳቢ ሊቀር፣ ሰነድም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። የሚከተሉት ነጥቦች ይህን ለመከላከል ያግዛሉ።

የሰዓት አያያዝ

በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩ የሰዓት ክልል መስተካከሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚያገለግለው "ናይሮቢ" የሚለው ምርጫ ነው። ቀጥሎም በአገራችን አቆጣጠር በተነገረው የቀን ሰዓት ላይ 6 መደመር ይገባል። በዚህም መሠረት ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፡00፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ደግሞ 14፡00 ተብሎ ይመዘገባል።

ከውጭ አገር ተቋማት ጋር የሚደረግ ስብሰባ በተራ መልዕክት ከሚገለጽ ይልቅ በፕሮግራሙ የስብሰባ ጥሪ ቢላክ ይመረጣል፤ ጥሪው ለተቀባዩ በራሱ አካባቢ ሰዓት ይታየዋልና። ለአብነት ጄኔቫ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ወደኋላ የምትቀር ሲሆን፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ይላል።

የቀን አያያዝ

የበጀት ዓመቱ የሚጀመርበት ሐምሌ 1 ቀን ዘወትር ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል፣ በየዓመቱ እንዲደጋገም ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። በአንጻሩ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ቀናት በአንድ ቀን ይገፋሉ። በ2016 ዓ.ም አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በ2020 ዓ.ምም እንዲሁ ይሆናል። በመሆኑም በእነዚህ ወራት የሚውሉ ተደጋጋሚ ቀጠሮዎችን በየዓመቱ ማረም ይገባል።

በመልዕክቱ ውስጥ ሁለቱንም አቆጣጠር ከዕለቱ ስም ጋር መጻፍ ጠቃሚ ነው፦ "ማክሰኞ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም (ጁላይ 7 ቀን 2026) ከጠዋቱ 3 ሰዓት (9፡00)"። የዕለቱ ስም በሁለቱም አቆጣጠር አንድ በመሆኑ ስህተት ቢኖር ወዲያው ይለያል። ሴፕቴምበርን "መስከረም" ብሎ መተርጎም ግን አሻሚ ስለሆነ ሊቀር ይገባል።

የመልዕክት አላላክ

በደብዳቤ ላይ "ጉዳዩ" ተብሎ የሚሰፍረው በኢሜይልም በርዕሱ መስመር በግልጽ መጻፍ አለበት። "ሲሲ" የሚለው ቦታ ከደብዳቤው ግልባጭ ጋር አንድ ነው። "ቢሲሲ" ግን ሌሎች ተቀባዮች የማያዩት ግልባጭ በመሆኑ፣ አንድ ማስታወቂያ ለብዙ ተጫራቾች ሲላክ አድራሻቸው እርስ በርስ እንዳይታወቅ ያስችላል።

በስህተት የተላከን መልዕክት መልሶ መጥራት የሚቻለው ተቀባዩ በዚያው መሥሪያ ቤት የመልዕክት ሥርዓት ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ውጭ የወጣ መልዕክት አይመለስም። ስለሆነም በክላሲክ አውትሉክ የሚላኩ መልዕክቶች ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲዘገዩ የሚያደርግ ደንብ ማበጀት ይቻላል፤ ደንቡ እስከ 120 ደቂቃ ይፈቅዳል።

የመልዕክት አቀማመጥ

"ፒኤስቲ" በተባለው ፋይል የሚቀመጡ መልዕክቶች የሚገኙት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲበላሽ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ፋይሉን በየጊዜው በሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ውሳኔ የያዙ መልዕክቶችንም አትሞ ወደ መዝገብ ቤት ማስገባት ተገቢ ነው። ሠራተኛው በዝውውር ሲለቅም የጀመራቸው ጉዳዮች ለተተኪው ተሟልተው ይደርሳሉ።